ሬዲዮ ከነድንጋዩ

የገጠር ሰው ወደ ከተማ የሚሄድ ዘመዱን ሬዲዮ እንዲገዛለት ሲልከው አንድ ቃል አክሎ ያሳስበዋል። «አደራ፣ ከነድንጋዩ!» ይላል። ድንጋይ ማለቱ የባትሪ ድንጋይ ነው። ገበያ በሳምንት አንድ ቀን በሚቆምበት፣ ገበያውም የግማሽ ቀን መንገድ በሆነበት ቀበሌ ድንጋይ የሌለው ሬዲዮ ማለት የሚያምር ሣጥን ማለት ነው። ከተሜው ዘመድ «ድንጋዩንማ እዚያው ትገዛዋለህ» ቢል የሚናገረው ከራሱ ደጃፍ ተነስቶ ነው። ለእሱ ሱቁ ከበሩ ፊት ለፊት ነዋ!

ይህን ያነሳሁት ስለ ሬዲዮ ላወጋችሁ አይደለም። ስለ ኮምፒዩተር ቋንቋ ነው። «የሥነ ጽሑፍና የባህል መጽሔት ላይ ይህን ምን አመጣው?» የሚል አንባቢ ቢኖር ጥቂት ይታገሠኝ። ነገሩ ሲገለጥ ከባህል የራቀ ሆኖ አያገኘውም። የሌላ አገር ጉዳይ ሳነሳ የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውንም ከወዲሁ ይያዝልኝ። የእኛን አቆጣጠር ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ።

ፕሮግራም ጸሐፊ ሁሉን ነገር ከባዶ ተነስቶ አይጽፍም። ፋይል ከፍቶ ማንበብ፣ ቀን መቁጠር፣ የተጨመቀ ሰነድ መፍታት፣ ከሩቅ ኮምፒዩተር መረጃ ማምጣት የመሳሰሉትን ሥራዎች ከእሱ በፊት የነበሩ ሰዎች ጽፈው አስቀምጠውለታል። ይህ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ሥራ በሙያው አነጋገር «ላይብረሪ» ይባላል። ላይብረሪ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቋንቋው ኮምፒዩተር ላይ ሲጫን አብሮ የሚገባው፣ የቋንቋው ባለቤቶች የሚጠብቁት ነው። «መደበኛው ላይብረሪ» ይሉታል። ሁለተኛው ማንም ሰው በየቤቱ ጽፎ ኢንተርኔት ገበያ ላይ ያወጣው፣ የፈለገ ሄዶ የሚያመጣው ነው። እንግዲህ ለብዙ ዓመታት ሲያከራክር የኖረው ጥያቄ ይህ ነው። ከውጭው ገበያ የትኛው ተመርጦ ሣጥኑ ውስጥ ይግባ? የትኛውስ እዚያው ገበያው ላይ ይቅር?

ፓይተን የሚባለው ቋንቋ ሰዎች በዚህ ጉዳይ የታወቀ መፈክር አላቸው። በውጭ አገር የልጆች መጫወቻ ካርቶን ላይ «ባትሪው አብሮ የለም» የሚል ማስጠንቀቂያ በደቃቅ ፊደል ይታተማል። የፓይተን ሰዎች ይህን ገልብጠው «የእኛስ ባትሪው አብሮ አለ» ይላሉ። በእኛ አፍ «ከነድንጋዩ» ማለታቸው ነው።

እኔ የጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ይዤ በየመጽሔቱ እየጻፍኩ የምኖር ሰው ነኝ። ፓይተንን የተማርኩት በሙያው ልቀጠርበት ብዬ አልነበረም። ለዓመታት የጻፍኳቸው መጣጥፎች ኮምፒዩተሬ ውስጥ ተበታትነው ስለነበር እነሱን ለመልቀም፣ የትኛውንም ቃል ስንት ጊዜ እንደደጋገምኩ ለመቁጠር ፈልጌ ነው። አንድ የሰፈር ልጅ ማስጫኛውን በፍላሽ ሰጠኝ። 30 ሜጋ ባይት እንኳ የማይሞላ ነገር ነው። ጫንኩትና ሀ ሁ ማለት ጀመርኩ።

ትምህርቱ ገና ሳይጠና ሰኔ 2012 ዓ.ም. ደረሰ። ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት፣ ሰኔ 23 ቀን ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ። ሦስት ሳምንት ያህል እንደተቋረጠ ቆየ። በዚያ ሰሞን ብዙ ሰው ያጣው ነገር ከእኔ ያጣሁት ጋር የሚወዳደር አይደለም። ሰው የሞተበት ነበር፣ ንብረቱ የወደመበት ነበር፣ ውጭ አገር ካለ ልጁ ድምፅ የራቀ ወላጅ ነበር። እኔ እቤቴ ተቀምጬ ከነበረኝ ነገር ጋር መፋጠጥ ብቻ ነበር ዕጣዬ። የነበረኝም ያ ሣጥን ነው።

መጣጥፎቼ የተጻፉት በዎርድ ነበር። የዎርድን ሰነድ የሚያነብ ላይብረሪ በገበያው ላይ ሞልቷል፣ ሣጥኑ ውስጥ ግን የለም። ለሰፈሬ ልጅ ይህን ባዋየው ሳቀ።

«ጋሼ፣ የዎርድ ሰነድ እኮ የታሰረ ከረጢት ነው» አለኝ። ያኔ ሠላሳ እንኳ አልሞላኝም ነበርና «ጋሼ» መባሉ ቅር ቢለኝም ዝም አልኩ። «ዚፕ ነው። ስትፈታው ውስጡ ኤክስኤምኤል የሚባል ተራ ጽሑፍ ታገኛለህ። ዚፕ መፍቻውም፣ ኤክስኤምኤል ማንበቢያውም ሣጥኑ ውስጥ አሉልህ። ምን ኢንተርኔት ያስፈልግሃል?»

እውነቱን ነበር። ያን ጊዜ የዊንዶውሱ ማስጫኛ መማሪያ ሰነዱን ጭምር ይዞ ይመጣ ስለነበር እያነበብኩ፣ እየሞከርኩ፣ ልጁንም እያስቸገርኩ በአራት ቀን ከረጢቶቹን ሁሉ ፈታሁ። ቃል መቁጠሪያውም እዚያው ሣጥን ውስጥ ተገኘ። ውጤቱ ሲወጣ ከቃላት ሁሉ ከፊት የቆመው «ግን» ሆነ። ለካ ያለ «ግን» አንድ ገጽ መሻገር የማልችል ሰው ኖሬአለሁ! አንባቢ ይህንኑ ጽሑፍ እያነበበ ቢቆጥር ጠባዬ እንዳልተለወጠ ያረጋግጣል።

ያ ኤክስኤምኤል ማንበቢያ ከየት እንደመጣ በኋላ ሳጣራ ነው የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ የተጠነሰሰው። ፓይተን የተወለደው አምስተርዳም ውስጥ ነው። ጊዶ ቫን ሮሱም የተባለ ሆላንዳዊ ጽፎት የመጀመሪያው እትም በፌብሩዋሪ 1991 ወጣ። እኔ የተወለድኩት ጳጉሜን 6 ቀን 1983 ዓ.ም. ነው። ይህም በአውሮፓውያኑ ሴፕቴምበር 11 ቀን 1991 ላይ ይውላል። ስለዚህ ፓይተን በሰባት ወር ያህል ታላቄ ነው፤ «ጋሼ» መባልስ የሚገባው እሱ ነበር። ይህችን የልደት ቀን አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ። ኋላ እመለስባታለሁ።

ኤክስኤምኤል ማንበቢያውን የጻፈው ጊዶ አይደለም። ፍሬድሪክ ሉንድ የሚባል ስዊድናዊ ነው። ለብዙ ጊዜ የራሱ ሥራ ሆኖ ገበያው ላይ ቆየ። ሰዎች ወደዱት፣ ተጠቀሙበት፣ በመጨረሻም በ2006 የወጣው 2.5ኛው የፓይተን እትም ከሣጥኑ ውስጥ አስገባው። በዚያው እትም ኤስኪውላይት ከሚባለው ትንሽ የመረጃ ቋት ጋር የሚያገናኘው ሥራም አብሮ ገባ። እሱም ከውጭ የመጣ ነው። ፍሬድሪክ ሉንድ በ2021 ከዚህ ዓለም አረፈ። እኔ ግን ሥራውን የተጠቀምኩት ኢንተርኔት በሌለበት፣ ስሙን እንኳ በማላውቅበት ሰዓት ነበር። ገበያው ላይ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ በዚያ ሐምሌ አላገኘውም ነበር። ሣጥን ውስጥ መግባት ማለት ለእኔ ይኸው ነው፦ ሥራው ጸሐፊውን ወደማያውቅ፣ ገበያ መውጣትም ወደማይችል ሰው እጅ ይደርሳል።

ታዲያ ጥሩ ጥሩው ሁሉ ለምን አይገባም? ይህ ጥያቄ የእኔ ብቻ አይደለም። አንድሩ ኩችሊንግ የተባለ የፓይተን ሰው በ2000 ይህንኑ አስቦ ነበር። በማሻሻያ ሐሳቦች መዝገብ 206 የሚል ቁጥር የተሰጠው ሰነድ ላይ፣ ሌሎች ሰዎች ከጻፏቸው ላይብረሪዎች የተመሰከረላቸውና ብዙ ሰው የሚጠቀምባቸው ተሰብስበው ሁለተኛ፣ ሰፋ ያለ ሣጥን እንዲሆኑ ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ ሥራ ላይ ሳይውል ተነሣ። እኔም መጀመሪያ ሳነበው «ምን ዓይነት ንፉግነት ነው?» ብዬ ነበር። ነገሩን እያየሁ ስሄድ ግን የሣጥን ጠባቂ መሆን ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ገባኝ።

ድንጋይ ያረጃል። አንባቢ አሮጌ የእጅ ባትሪ ከፍቶ ያውቅ እንደሆነ ያስታውሳል። የተረሳ ድንጋይ ፈሳሽ ያወጣና መያዣውን ሳይቀር ይበላዋል። ፀሐይ ላይ ቢያሰጡት፣ በጥርስ ቢነክሱት ለጥቂት ቀን ይለመናል እንጂ አይድንም። ላይብረሪም እንዲሁ ነው። የፓይተን ሣጥን የሚታደሰው ቀድሞ በዓመት ተኩል ገደማ አንድ ጊዜ ነበር፤ ከ2020 ወዲህ በየዓመቱ በኦክቶበር ነው። ገበያ ላይ ያለ ላይብረሪ ጉድለት ቢገኝበት ጸሐፊው ዛሬ ማታ አርሞ ነገ ጠዋት ያወጣዋል። ሣጥን ውስጥ የገባው የሣጥኑን ቀን ይጠብቃል። አንድ ጊዜ ከገባም በኋላ ጠባዩን መለወጥ አስቸጋሪ ነው። በዓለም ዙሪያ እሱን አምነው የተጻፉ ፕሮግራሞች አብረው ይናጋሉና። የሙያው ሰዎች «መደበኛው ላይብረሪ የላይብረሪ መቃብር ነው» እያሉ የሚቀልዱት ለዚህ ነው።

ሪኩዌስትስ የሚባለውን ላይብረሪ ለምሳሌ እንውሰድ። ከድረ ገጽ መረጃ ለማምጣት ፓይተን ጸሐፊዎች በጣም የሚወዱት ነው። በ2015 ሣጥኑ ውስጥ ይግባ አይግባ ተብሎ መከሩበት፤ ውጭ እንዲቀር ተወሰነ። ምክንያታቸው ለመናቅ አይመችም። ከኢንተርኔት ጋር የሚነጋገር ነገር የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝበት ቶሎ መደፈን አለበት፣ የሣጥኑን የዓመት ቀጠሮ ሊጠብቅ አይችልም። ስለዚህ የፓይተን መማሪያ ሰነድ ራሱ «ለዚህ ሥራ ሪኩዌስትስን እንመክራለን» እያለ ወደ ውጭ ይጠቁማል። ሱቁ የራሱን ደንበኛ ጎረቤት ሱቅ ሲልክ እንደማየት ነው።

የሞቱትን ድንጋዮች ማውጣትም ሌላ ጣጣ ነው። በ2019 ክርስቲያን ሃይምስ ያቀረበው የማሻሻያ ሰነድ ርዕሱ ራሱ የሞቱ ባትሪዎችን ከሣጥኑ ስለማስወገድ ነበር። ያረጁ የድምፅ ፋይል ዓይነቶችን የሚያነቡ፣ በቴልኔት ከሩቅ ማሽን ጋር የሚያገናኙ፣ የዱሮ ድረ ገጾች ይሠሩበት የነበረውን ስልት የሚደግፉ፣ በድምሩ 19 ክፍሎች ተለይተው በኦክቶበር 2024 ከወጣው 3.13ኛ እትም ተነሡ። ማውጣት ከማስገባት ይከብዳል። ከሣጥኑ የሚወጣው እያንዳንዱ አሮጌ ነገር የሆነ ቦታ፣ የሆነ ሰው ሥራውን ያቆመበት ምሰሶ ነው። የኔትወርክ ሠራተኛ በቴልኔቱ ክፍል አሥር ዓመት ሲሠራ ኖሮ አንድ ቀን «የለም» ሲባል ምን እንደሚሰማው አንባቢ ይገምት።

እንግዲህ ሣጥኑን መሙላት አደጋ፣ ባዶ መተውም አደጋ ከሆነ መላው ምንድን ነው? የፓይተን ሰዎች በ2014 በወጣው 3.4ኛ እትም አንድ ብልሃት አመጡ። ዕቃውን ሳይሆን ተላላኪውን ሣጥኑ ውስጥ አስገቡት። «ፒፕ» ይባላል። ራሱም ከሣጥኑ ውጭ የተሠራ ነው። ስም ጠርተህ ስታዘው ገበያ ወርዶ የተባለውን ያመጣልሃል። ገበያው ላይ ዛሬ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ላይብረሪዎች አሉ። ብልሃቱ ድንቅ ነው። ለተላላኪ ግን መንገድ ያስፈልገዋል። በ2012ቱ ሐምሌ ፒፕ እኔም ኮምፒዩተር ውስጥ ነበር። ስጠራው አቤት ይላል፣ ይነሣል፣ መንገድ አጥቶ ባዶ እጁን ይመለሳል። ከሁሉ የገረመኝ ደግሞ ሌላ ነው። ፒፕ ለራሱ ሥራ የሚያስፈልጉትን ላይብረሪዎች ሆዱ ውስጥ ይዞ ነው የሚዞረው። ከእነሱም አንዷ ያቺው ወደ ሣጥኑ አትገባም የተባለችው ሪኩዌስትስ ናት! ተላላኪው መንገድ እንደሚያስቸግር ስለሚያውቅ ለራሱ ስንቁን ቋጥሯል።

ኢንተርኔቱ ከተመለሰም በኋላ ቢሆን ነገሩ ለሁሉም ሰው እኩል አልቀለለም። ላይብረሪ ታሽጎ ሲቀርብ በሙያው «ፓኬጅ» ይባላል። በእኛ አገር ደግሞ «ፓኬጅ» ማለት ከቴሌ የሚገዛ የኢንተርኔት ሜጋ ባይት ነው። ስለዚህ የእኛ ሰው ፓኬጅ ለማውረድ መጀመሪያ ፓኬጅ ይገዛል። አንዱ ላይብረሪ ሌላውን እየጠራ፣ ያኛውም ሦስተኛውን እየጎተተ ሲመጣ የተገዛው ያልቅና «ቀሪ ሂሳብዎ» የሚል መልእክት ይደርሳል። ይህን ቀልድ ከተማሪዎች አፍ ሰምቼ ስቄአለሁ። ሲደጋገም አያስቅም።

«ታዲያ ሌላ ሰው ሣጥኑን ቢሞላውስ?» የሚል ይኖራል። ሞልተውታል። አናኮንዳ የሚባለው ከ2012 ጀምሮ የቀረበ ስብስብ ፓይተንን ከብዙ የሳይንስ ላይብረሪዎች ጋር አንድ ላይ አሽጎ ይሰጣል። በ2020 ማስጫኛው ከ400 ሜጋ ባይት በላይ ነበር። በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ለሚቀባበሉ ሰዎች ትልቅ ውለታ ነው። በዚያው በ2020 ግን ኩባንያው ደንቡን ለውጦ ከ200 በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት እንዲከፍል አደረገ። አልወቅሰውም፤ ድካም ዋጋ አለው። ሆኖም ሣጥኑን የሚሞላው ሰው የሣጥኑንም ዋጋ ሊተምን እንደሚችል ማወቅ ደግ ነው። ገበያው ራሱስ ቢሆን? ጃቫስክሪፕት በሚባለው ቋንቋ ገበያ ላይ በማርች 2016 የሆነውን ብዙዎች ያስታውሳሉ። አንድ ጸሐፊ ከገበያው አስተዳዳሪዎች ጋር በስም ጉዳይ ተጣልቶ ሥራዎቹን ነቅሎ ወጣ። ከነቀላቸው መካከል በጽሑፍ ፊት ባዶ ቦታ ከመጨመር በቀር ሌላ ሥራ የሌላት 11 መስመር ኮድ ነበረች። እሷን ተደግፈው የቆሙ በሺህ የሚቆጠሩ ፕሮግራሞች ተንገዳገዱ። ገበያው በሰዓታት ውስጥ መልሶ እስኪሰቅላት ድረስ ዓለም በ11 መስመር ተይዛ ዋለች።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። ሣጥኑ ውስጥ የእኛ የሆነ ነገር አለ ወይ?

አለ። ፊደላችን አለ። የግዕዝ ፊደል በ1999 በወጣው 3.0ኛው የዩኒኮድ እትም ከዓለም ፊደላት ጋር ተመዘገበ። በዓመቱ የወጣው ፓይተን 2.0 ዩኒኮድን ይዞ መጣ። ዛሬ ከተጫነ በኋላ ምንም ነገር ሳያወርዱ አንድ የግዕዝ ፊደል ቢሰጡት የፊደሉን መዝገብ ስም ይነግራል። «፩»ን ቢያሳዩት «ዋጋው አንድ ነው» ይላል። በ2008 ከወጣው ፓይተን 3 ወዲህ የፕሮግራሙን የውስጥ ስያሜዎች ሳይቀር በአማርኛ መጻፍ ይቻላል። ይህ ሁሉ የሆነው ለፊደሉ የተሟገቱ፣ ሰነድ ያቀረቡ፣ በስብሰባ የተከራከሩ ሰዎች ስለነበሩ ነው። እነሱ በመድከማቸው እኔ መጣጥፎቼን ስቆጥር ፊደል አላስጨነቀኝም።

ዘመን አቆጣጠራችን ግን ደጅ ቆሟል። በ2003 ወደ ፓይተን ሣጥን የገባው የቀን መቁጠሪያ ክፍል የሚያውቀው የጎርጎርዮሱን ብቻ ነው። የጃቫ ቋንቋ ታሪክ ደግሞ ይበልጥ ይነካል። እስቲፈን ኮልቦርን የጻፈው ጆዳ ታይም የሚባል የታወቀ ላይብረሪ ነበር። የኢትዮጵያን አቆጣጠር ያውቃል። ይህ ሥራ መሠረት ሆኖ በማርች 2014 ጃቫ 8 አዲስ የቀን መቁጠሪያ ሣጥኑ ውስጥ ሲያስገባ ከዓለም አቀፉ ሌላ አራት አቆጣጠሮች አብረው ገቡ፦ የታይላንድ፣ የጃፓን፣ የታይዋንና የሂጅራው። የኢትዮጵያው ወደ ሣጥኑ አልተሻገረም። «ተጨማሪ» በተባለ ሌላ ላይብረሪ ውስጥ ገበያው ላይ ቀረ። እዚያም ጎረቤቱ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ለቀልድ የተፈጠረ አንድ ሃይማኖት የሚጠቀምበት፣ ዓመቱን በአምስት ወቅት፣ ወቅቱን በ73 ቀን የሚከፍል አቆጣጠር ነው። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚከፍለውን ደመወዝ፣ የሚያከብረውን በዓል፣ የሚያወጣውን የልደት ወረቀት የሚቆጥርበት ዘመን ከቀልድ ጋር አንድ መደርደሪያ ተጋራ። ክፋት አለበት አልልም። የሣጥኑ በር ላይ ስሙን የሚጠራለት ሰው አልነበረም፤ ያለው ይኸው ይመስለኛል።

ይህ ለእኔ የወረቀት ላይ ክርክር አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት መታወቂያ ለማውጣት ሄጄ ነበር። መዝጋቢዋ ልጅ የክርስትና ካርዴን አይታ ቀኑን ኮምፒዩተሩ ላይ መታች። ቀይ ጽሑፍ ወጣ። ደግማ መታች፤ ደግሞ ቀላ።

«ወንድሜ፣ ጳጉሜን 6ን አይቀበልም። ጳጉሜን 5 ነች ይላል» አለችኝ።

«ተወልጄባታለሁ እኮ እህቴ! በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ትመጣለች።»

«እኔማ አውቃለሁ። እሱ ነው እምቢ ያለው።» ጥቂት አሰበችና ፊቷ ፈካ። «መስከረም 1 ላድርግልህ? እንዲያውም ዘመን መለወጫ ነው፣ ያምራል።»

ከኋላዬ ሰልፉ ረዥም ነበር። መስከረም 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ተባልኩ። በአንድ ቀን ምክንያት በአንድ ዓመት አነስኩ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱን ወረቀት አንድ ላይ ባቀረብኩ ቁጥር «የትኛው ነህ?» እየተባልኩ ማስረጃ አምጣ እባላለሁ። ልጅቷ ላይ አልፈርድም። ፕሮግራሙን የጻፈውንም ሰው በዓይነ ልቦናዬ አየዋለሁ። ቀነ ገደብ ያጣደፈው፣ ሣጥኑን ከፍቶ የአገሩን ዘመን ያጣበት፣ እንግዲያው እኔው ልጻፈው ብሎ ሌሊት የተቀመጠ ሰው ሳይሆን አይቀርም። አገሪቱ ውስጥ ስንትና ስንት ሰው ይህንኑ ስሌት በየቤቱ ከባዶ እየጻፈ ይሆን? አንዱ ጳጉሜን 6ን ያስታውሳል፣ ሌላው ይረሳል። ሣጥን ውስጥ የገባ ነገር አንድ ጊዜ ተፈትኖ ለሁሉም ይሆናል። ውጭ የቀረ ነገር በየበሩ እንደ አዲስ ይሳሳታል።

«ታዲያ አሁን ድንጋይ ያረጃል፣ ሣጥን አይሞላ ስትል አልነበር?» ብሎ የሚይዘኝ አንባቢ አይጠፋም። መልሴ ይህ ነው። የሚያረጀውንና የማያረጀውን መለየት ነው የጠባቂው ጥበብ። በ2020 ፓይተን የዓለምን የሰዓት ክልሎች የሚያሰላ አዲስ ክፍል አስገባ። ፖል ጋንስል የሚባል ሰው ነው ያዘጋጀው። ስሌቱ ሣጥኑ ውስጥ ገባ። የየአገሩ ሰዓት ሰንጠረዥ ግን ከኮምፒዩተሩ ሥርዓት ይነበባል፤ ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ከገበያው ለብቻው ይመጣል። ለምን ቢባል መንግሥታት በአዋጅ ሰዓት ይቀያይራሉ፣ ሰንጠረዡ በየጊዜው ይታደሳል። የማይለወጠው ውስጥ፣ የሚለወጠው ውጭ ማለት ነው። በዚህ ሚዛን የእኛን አቆጣጠር ስናየው ከዚህ የበለጠ ለሣጥን የሚመች ድንጋይ ከየት ይገኛል? አሥራ ሁለት ወር በሠላሳ ሠላሳ ቀን፣ ጳጉሜን አምስት፣ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት። ሰንጠረዥ የለው፣ አዋጅ አይጠብቅ፣ በዘመናት ብዛት ሕጉ አልተለወጠ። ይህ ፈሳሽ የማያወጣ ድንጋይ ነው።

እንደሚቻልም ታይቷል። ኖድ በሚባለው የጃቫስክሪፕት ማስኬጃ ውስጥ እስከ 2019 ድረስ ሳይጨመርበት የሚመጣው የእንግሊዝኛ የቋንቋ መረጃ ብቻ ነበር። በኦክቶበር 2019 ከወጣው 13ኛ እትም ጀምሮ አይሲዩ የተባለውን፣ በሌሎች ሰዎች የተሠራ የዓለም ቋንቋዎችና አቆጣጠሮች ላይብረሪ ሙሉውን አብረው ማሸግ ጀመሩ። ሣጥኑ ከበደ። በአንጻሩ ያን ዕለት አማርኛ ገባ፣ የወሮቻችን ስም ገባ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀን ስጠኝ ቢሉት ጳጉሜንን የሚያውቅ መሣሪያ ያለምንም ማውረድ ተገኘ። እነዚያን ሜጋ ባይቶች ለማይፈልጋቸው የኒውዮርክ ሰው ሸክም ናቸው። ሸክሙን የተሸከመው ለእኔ ነው። ባያውቀኝም አመሰግነዋለሁ።

እንግዲህ ለሣጥን ጠባቂዎች የምለው ይህን ነው። «ገበያው ላይ ይገኛል» የሚለው መልስ ደጁ ላይ ሱቅ ላለው ሰው ብቻ መልስ ነው። አንድ ነገር ሲመዘን «ስንት ሰው ይፈልገዋል?» ብቻ ሳይሆን «የሚፈልገው ሰው መንገድ ሲዘጋበት ምን ይሆናል?» ተብሎ ይመዘን። ለእኛ ለራሳችን ደግሞ የምለው አለ። ፓይተን ሣጥን ውስጥ አዲስ ነገር የሚገባው ሰነድ ጽፎ፣ ተከራክሮ፣ ከገባም በኋላ «እኔ እጠብቀዋለሁ» የሚል ሰው ሲገኝ ነው። ፊደላችን የገባው እንዲያ ያለ ሰው ስለነበረው ነው። ዘመናችን ደጅ የቆመው ተከልክሎ ሳይሆን ጠሪና ጠባቂ አጥቶ ከሆነ ወቀሳው ከእኛ አያልፍም። በየቤታችን ሌሊት እየተቀመጥን ያንኑ ስሌት ለየብቻ የምንጽፍ ሰዎች አንዱን፣ የተፈተነውን፣ ይዘን በሩን ብናንኳኳና ከተከፈተልንም በኋላ ቁጭ ብለን ብንጠብቀው ምን ነበረበት?

ጳጉሜን 6 በ2019 ዓ.ም. ደግማ ትመጣለች። በዚያች ቀን የሚወለዱ ሕፃናት ይኖራሉ። አድገው መዝጋቢ ፊት ሲቆሙ ቀናቸውን የሚያውቅ ማሽን ይግጠማቸው። ቸር እንሰንብት።